በባትሪ አመድ የታሸ ገብስ

በደብረ ብርሃን አመድ የምትከለክል ሴት አንዲት ብቻ ነበረች፤ እሷም የባትሪ ቤቷ አፊፋ ናት። እሳት የጠፋበት ጎረቤት ፍም ቢለምናት ትሰጣለች። ጨው ያለቀበት ጨው፣ ልጅ የሳለበት ማር ከእሷ ቤት አጥቶ አያውቅም። አመድ ግን አትሰጥም። ለድስት መፈተጊያ፣ ለጎመን መደብ መበተኛ ፈልጎ ቁና ይዞ የመጣ ሁሉ ከግቢዋ በር ይመለሳል።

«አመድ በዱቄት ይስቃል ሲሉ እሰማ ነበር» አለቻት አንዲት ጎረቤቷ፣ ባዶ ቁናዋን ወገቧ ላይ አስደግፋ። «ክዳን ተደፍቶበት፣ ድንጋይ ተጭኖበት ሲኖር ያየሁት ግን አንቺ ቤት ነው።»

«ከምድጃሽ ዝቀሽ ውሰጂ» አለች አፊፋ። «ይሄ የምድጃ አመድ አይደለም።»

«ታዲያ የምንድን ነው?»

«የባሌ ክንድ ነው» አለችና በሩን ዘጋችባት።

ንፉግ ይሏታል፤ እሷም ይበሉኝ ትላለች። የተቆጣች ሴት መሆኗን የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው፤ ቁጣዋ ከየት እንደ ተነሣ የሚያውቁት ደግሞ ከእነዚያም ያንሳሉ።

አፊፋ የተወለደችው ከአንኮበር ግርጌ፣ አልዩ አምባ ነው። አባቷ ከቆላው ጥጥና በርበሬ በአጋሰስ ጭኖ አቀበቱን የሚወጣ፣ ከደጋው ገብስና ባቄላ ይዞ የሚወርድ ነጋዴ ነበር። ወንድ ልጅ ስላልነበረው እሷን ከፊት አስቀድሞ አጋሰሶቹን ያስነዳት ነበር። አንድ ቀን በቅሎዋ የተሸከመችው የበርበሬ ስልቻ ተቀዶ መንገድ ለመንገድ ሲፈስ ሄደ። አባቷ ይህን ባየ ጊዜ ጭነቱን ሁሉ አራግፎ እስከ ወንዙ ተመለሰና የፈሰሰውን ከድንጋይ ሥር እየለቀመ ሰበሰበ። መንገደኛ ሁሉ ሳቀበት። «ለጥቂት በርበሬ ነው እንዲህ የምታጎነብሰው?» አሉት። «በርበሬው አይደለም» አለ። «የሰው በግ ይልሰዋል፣ ሕፃን ዓይኑን ያሽበታል። የጫንኩት እኔ ነኝ፤ ሲፈስም የእኔ ነው።» አፊፋ ያን ጊዜ ከሰዎቹ ጋር በአባቷ አፍራ ነበር።

ያገባችው የዚያው አገር ልጅ ዘይኑልአቢዲን በደብረ ብርሃን ከደሴ መንገድ ዳር የባትሪ ቤት ከፈተ። ከተማዋ ለዚህ ሥራ የተፈጠረች ናት። የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ የከባድ መኪና ባትሪ አድሮ ይገድላል። ሲነጋ ሹፌሮቹ ጋቢ ተከናንበው፣ «ገደለብኝ እኮ» እያሉ የዘይኑን ደጅ ይመታሉ። እሱም የደከመውን ቻርጅ ያደርጋል፤ ጨርሶ የሞተውን ይገዛል። የሞተው ይሰበርና ውስጡ ያለው እርሳስ እንደገና ቀልጦ ለሌላ ባትሪ ይሆናል። በዚህ ይኮራ ነበር። «እኔ ዘንድ የሚጣል ነገር የለም» ይላል።

የሚጣል ግን ነበረ። አሲዱን ጓሮ ወዳለው ቦይ ይደፋዋል፤ ቦዩ ወደ በሬሳ ወንዝ ይወርዳል። እርሳሱን በከሰል እሳት ላይ በብረት ድስት እያቀለጠ፣ በአንድ እጁ ወናፍ እየነፋ፣ በሌላው ከላይ የሰፈፈውን ቆሻሻ እየገፈፈ ከአመዱ ጋር ይከምረዋል። ክምሩ ግራጫ ሆኖ ቢጫነት ነበረው። ዙሪያውን ሣር አይበቅልም፤ ጉንዳን እንኳ አያልፍበትም።

ክንዱ ያስቀና ነበር። በግራና በቀኝ አንድ አንድ የከባድ መኪና ባትሪ አንጠልጥሎ ሽቅብ ሲራመድ ሹፌሮች ቆመው ያዩታል። አንኮበር ገበያ የወረደ ዕለት ሰው ሁሉ ጭነት ሊያሸክመው፣ ከጎረምሳ ጋር ሊያታግለው ይፈልጋል። በዚያ አገር ስሙ «ባለ ክንዱ» ነበር።

አብዮቱ ከመጣ ወዲህ ሥራው በዛ። የዘመቻ መኪና፣ የመንግሥት እርሻ ትራክተር፣ የድርጅት አውቶቡስ፣ የሁሉም የባትሪ ሬሳ ወደ ዘይኑ ጓሮ ይመጣ ጀመር። ባትሪ በጭነት መኪና የሚልክለት የአንድ መሥሪያ ቤት የስምሪት ኃላፊ፣ «አንተ ውሰድልን እንጂ የት እንዳደረስከው አንጠይቅህም» ይለው ነበር። ይህ ቃል ያን ጊዜ ቸርነት ይመስል ነበር። አፊፋ ኋላ ላይ ባስታወሰችው ቁጥር ጥርሷን ታፋጫለች።

መጀመሪያ ሆዱን ቆረጠው። ሹፌሮቹ መድኃኒቱን ነገሩት፤ «ወተት ጠጣ፣ የእርሳስ ጭስ ወተት ይጠርገዋል።» ጠጣ። ወተቱን እየጠጣ ማቅለጡን ቀጠለ። ከስቶ፣ ገርጥቶ፣ በትንሽ በትልቁ የሚነጫነጭ ሰው ሆነ። አንድ ጠዋት የወተቱን ጣሳ ለማንሣት ሲዘረጋ ክንዱ ተነሣ፤ እጁ ግን ከአንጓው ታጥፎ ቀረ። ጠውልጎ እንደ ተንጠለጠለ የጎመን ቅጠል ነበር። ሌላውን እጁን ሞከረ። እሱም እንዲሁ ነው።

ገብረ ጻድቅ የተባለ የጤና ጣቢያ ድሬሰር ድዱን ገልጦ አየ። ከጥርሱ ሥር ሰማያዊ መስመር ተጋድሟል።

«አዲስ አበባ ማተሚያ ቤት ውስጥ የእርሳስ ፊደል የሚለቅሙ ሰዎች እንዲህ ሲሆኑ አይቻለሁ» አለ። «በጭሱም በአቧራውም ይገባል፤ ወተት አይጠርገውም። እትዬ አፊፋ፣ ያንን የጓሮ አመድ ዶሮ እንኳ እንዳይጭረው።»

አፊፋ በዚያ ቀን አላለቀሰችም። ቤቷ ገብታ ወናፉን በመጥረቢያ ሰነጠቀችው።

ሥራውን ግን አልዘጋችውም። የሞተ ባትሪ ከመንገድ መምጣቱን አያቆምም፤ እሷ ብትመልሰው ሌላው ገዝቶ ጓሮው ያቀልጠዋል። ስለዚህ እሷ ዘንድ ማቅለጥ ቀረ። አሲዱን በገንዳ ትቀበልና ኖራ እያደረገች፣ መፍላቱን እስኪያቆም ትጠብቀዋለች። እርሳሱን ውሃ እየረጨች አቧራ ሳይነሣ ታወጣና በበርሜል ከድና፣ ረጅም ጭስ ማውጫ ወዳለው አዲስ አበባ ያለ ማቅለጫ ትልካለች። የባትሪውን ቀፎ ለበግ ጨው ማላሻ የሚፈልግ ገበሬ ብዙ ነበር፤ እሷ ግን አጥባ በመዶሻ ትሰባብረዋለች። አሮጌውን የአመድ ክምር ደግሞ ከሥሩ ያለውን አፈር ጭምር ዝቃ በበርሜል አሸገችው።

ያን ጊዜ ነበር ባሏን የጠየቀችው። «ከዚህ አመድ ለሰው ሰጥተሃል?»

«ወልደአረጋይ ጥቂት ወስዷል» አለ ፊቱን አዙሮ። «ለቤት ምሰሶ፣ ለምስጥ።»

ምስጥ ይገድል፣ ምን ቸገረኝ ብላ ተወችው።

በሰባ ስድስት ዓመተ ምሕረት በልግ ሳይዘንብ ቀረ። የአንኮበር ደጋ የሚኖረው በበልግ ገብስ ነው። ግንቦት ሲገባ ገበያው ላይ እህል የያዘ ሰው ጠፍቶ በግ የሚጎትት ብቻ በዛ። ወልደአረጋይም ሁለት የከሱ በጎች እየጎተተ ከአንኮበር መጣ። ጎረቤላ አጠገብ ያለ መንደር ሰው ነው፤ የገበሬ ማኅበሩ ጎተራ ጠባቂ፣ የዘይኑም የጥንት ወዳጅ።

«እንዴት ነው ባለ ክንዱ?» አለ ገና ከደጅ።

ዘይኑ ጥጉ ላይ ተቀምጦ እጆቹን ጋቢው ውስጥ እንደ ቀበረ ራሱን ነቀነቀ። ከታመመ ጀምሮ አንኮበር ወርዶ አያውቅም፤ ወልደአረጋይም እጁን አይቶት አያውቅም። ብርድ ነው፣ ወባ ነው እያለ ያልፈዋል።

«ዘንድሮ ከሞት ተርፈናል በሉ» አለ ወልደአረጋይ እየተቀመጠ። «ሊቀመንበሩ ጎተራው ይከፈት ብሏል። የዘሩ ገብስ ነገ ለሕዝብ ይታደላል።»

«ዘር?» አለች አፊፋ።

«ምን ይደረግ፣ እቴ አፊፋ። የሚላስ የሚቀመስ ሲጠፋ ዘርም እህል ነው። ደግነቱ አንዲት ነቀዝ አልነካችውም። የእነዋሪው፣ የመዘዞው ዱቄት ሆኖ ቀረ ሲሉ የእኛ እንደ ገባ አለ። እኔማ ‹ነቀዝ ገዳይ› ተብዬ ልሾም ነው። ሹመቱ ግን የዚህ ሰውዬ ነው። አላህ ይስጥህ ልበልህ መሰል፣ እግዜርን እንደሆነ አታውቀው።»

ሳቀ። ብቻውን ነበር የሳቀው።

ዘርን በአመድ ማሸት የዚያ አገር የአባት ወግ ነው። ገብሱ ይነፋል፣ ከደረቀ የምድጃ አመድ ጋር ይታሻል፣ ወደ ጎተራ ይገባል፤ ነቀዝ አመድ አይወድም። ወልደአረጋይ ከዓመታት በፊት ዘይኑ ጓሮ ቆሞ ጉንዳን የማያልፍበትን ክምር ባየ ጊዜ፣ የምድጃ አመድ እንዲህ ካደረገ ይሄማ ምን አያደርግ ብሎ ስልቻውን ሞላ። ያንኑም በየመኸሩ ጥቂት ጥቂት እየቆነጠረ ከዘሩ ጋር ሲያሽ ኖረ።

አፊፋ ወደ ባሏ ዞረች።

«ለምስጥ ነው ብለኸኝ ነበር።»

ዘይኑ አንገቱን አቀረቀረ።

«ለምስጥ ነው ብለኸኛል፣ ዘይኑ።»

«ዘር ማን ይበላል ብዬ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «የአንኮበርን ሰው አታውቂውም እንዴ? በራብ ቢሞት እንኳ ዘሩ ከራስጌው ይገኛል እንጂ አይነካውም። መሬት ይገባል፣ አፈር ይበላዋል አልኩ። ወላሂ ሰው ይበላዋል ብዬ አላሰብኩም።»

ወልደአረጋይ አንዴ እሷን አንዴ እሱን ያያል። «ምን ሆናችሁ? አመድ አይደለም እንዴ?»

«ዶሮ አላችሁ፣ አያ ወልደአረጋይ?» አለች አፊፋ።

«ነበሩን። ፈንግል ጨረሳቸው።»

«የጎተራውን ጥራጊ ይለቅሙ ነበር?»

«እንዴታ፣ ደጃችን አይደል።»

«እንዴት ሆነው ነው የሞቱት?»

ወልደአረጋይ አሰበ። «ከሱ። ከዚያ ክንፋቸው ተንጠለጠለ፣ አንገታቸውን ማቅናት አቃታቸው።»

አፊፋ የባሏን ጋቢ አየች። «አሳየው።»

«ተዪኝ።»

«ለእሱ ካላሳየኸው ነገ ለአገሩ ታሳየዋለህ። አብረን እንወርዳለን።»

«እዚያ አገር ባለ ክንዱ ነው የምባለው» አለ ዘይኑ። «ሌላ የቀረኝ የለም፣ አፊፋ። ከነስሜ ተዪኝ።»

«ስምህን ቆልተው ይብሉት?» አለች።

በማግሥቱ ጠዋት እሷና ነገሩን ሁሉ የነገረችው ወልደአረጋይ ወደ ጎረቤላ የሚሄደው የጭነት መኪና ዘንድ ሲደርሱ ዘይኑ ቀድሟቸው ቆሟል። በጋቢው ተጠቅልሎ ከመኪናው ጎን እንደ ግንድ ተገትሯል፤ እጁ የመኪናውን ብረት ጨብጦ መውጣት አይችልም። ሹፌሩ፣ «ምን ነካው ሰውዬው፣ ውጣ እንጂ» ይላል። አፊፋ አየችው። ሆዷ ሊባባ ሲል ቁጣዋ ቀደመውና መጀመሪያ ራሷ ወጣች። ባሏን ከታች ወልደአረጋይ ገፍቶ፣ ከላይ ሌላ ሰው ብብቱን ይዞ ሳበው። መንገዱን ሁሉ ጉም ነበር።

ጎተራው ደጅ ሴቶች ስልቻና ቁና ይዘው ተሰልፈዋል። አብዛኞቹ ከጎሕ በፊት የመጡ ናቸው። ልጆቹ አይሯሯጡም፤ እናቶቻቸው ጉልበት ላይ ተደግፈው ተቀምጠዋል። አፊፋ ልጆቹን አንድ በአንድ አየች። እህል ልትከለክል የመጣችው እነዚህን ነው።

የማኅበሩ ሊቀመንበር ብርሃነ መስቀል ካኪ ኮት ለብሶ ከበሩ ላይ ቆሟል፤ ጠመንጃ የያዘ ጠባቂ አጠገቡ ነው።

«ጓድ ሊቀመንበር» አለች አፊፋ ነጠላዋን አስተካክላ፣ «ይህ ገብስ አይበላም። የታሸው በምድጃ አመድ አይደለም፤ ከእኛ ቤት በወጣ የእርሳስ አመድ ነው። መርዝ ነው።»

«አንቺ ማን ነሽ?»

«የደብረ ብርሃን የባትሪ ቤት ባለቤት ነኝ።»

«ነጋዴ ነሽ» አለ ሊቀመንበሩ ወደ ሕዝቡ እያየ። «ነጋዴ በራብ ቀን እህል አትብሉ ብሎ መጣ። ጥሩ። ዘንድሮ ዘሩን ብንዘራው እኮ አፈር የምንገባው እኛ ነን፤ ደርሶ እስኪታጨድ ማን ይቆያል? ነቀዝን የገደለ ሁሉ ሰው ይገድላል? አመድ ነው። ታጥቦ ይበላል።»

አፊፋ ከአንዲት ሴት ጣሳ ተቀበለች፣ ከጎተራው አፍ እፍኝ ገብስ ዘግና ውሃ አደረገችበት፣ አሸችው፣ ደፋችው። ሌላ ውሃ አደረገች። አሸችው። ውሃው ግራጫ ሆነ። ደግማ ደፍታ ደግማ አሸችው። አሁንም ግራጫ ነው።

«ገብስ ወገቡ ላይ ስንጥቅ አለው» አለች። «እዚያ ገብቷል። ታጥቦ ይበላል ካሉ ይኸው ታጠበ፤ እጣቢውን ይጠጡልኝ።»

ከሰልፉ መካከል አንድ ሰው ሳል የመሰለ ሳቅ አመለጠው። የሊቀመንበሩ ፊት ጠቆረ።

«ይሄ አሻጥር ነው» አለ። «አመዱን የሰጣችሁት እናንተ፣ አትብሉ የምትሉትም እናንተ። ምን እንደምታቅጂ ይጣራል።»

ጠባቂው አንድ እርምጃ ቀረበ። አንዲት መነኩሲት የመሰለች አሮጊት ግን ከሊቀመንበሩም ከጠባቂውም ቀድማ፣ «ታዲያ ምን እንብላ ልጄ?» አለቻት። በቁጣ አልነበረም። መልስ ፈልጋ ነው የጠየቀችው።

አፊፋ ይህን ሌሊቱን ስታስብ አድራ መልስ አላገኘችለትም። የተቆጣችው ያን ጊዜ ነበር፤ ከሁሉ ይልቅ በዚያች ሰዓት። ንጹሕ እህል በጎተራ ተቀምጦ ነበር። የሰው ላብ ነበር። አንድ ስልቻ አመድ፣ አንድ «የት እንዳደረስከው አንጠይቅህም» ያለ አፍ፣ አንድ ያፈረ ሰው ዝምታ ይኸው እዚህ አድርሶታል።

«የእርሳስ መርዝ አልሽ» አለ ሊቀመንበሩ። «ማንን ገደለ? አንድ የሞተ ሰው አምጪ።»

ያን ጊዜ ዘይኑ ከኋላ መጣ። በሰዉ መካከል ሲያልፍ ሁለት ሦስት ሰው አወቀውና «ባለ ክንዱ» አለ፤ አንዱም ሊጨብጠው እጁን ዘረጋለት። ዘይኑ የተዘረጋለትን እጅ አየ። ትከሻውን ነቅንቆ ጋቢውን ጣለና ሁለት ክንዶቹን ወደ ፊት አነሣ። ክንዶቹ ተነሡ። እጆቹ ተንጠለጠሉ።

«ልጨብጥህ ብል አልችልም» አለ ሰውየውን። ወደ ሊቀመንበሩም ዞሮ፣ «አልሞትኩም። ሚስቴ ናት የምታጎርሰኝ፤ ሱሪዬን የምትፈታልኝም እሷ ናት። የሞተ ሰው ከፈለጉ ይኸው፣ ቆሜያለሁ።»

ጉሙ ውስጥ አንድ ሕፃን ያለቅሳል።

የወልደአረጋይ ሚስት ወለተ ጊዮርጊስ ነበረች መጀመሪያ የተናገረችው። «ዶሮዎቼ» አለች። «እንዲህ ነበር ክንፋቸው። ልክ እንዲህ። ፈንግል ነው ብዬ ለጎረቤት ሁሉ ተናግሬ...» አልጨረሰችውም። ወደ ሰልፉ ሄዳ የእህቷን ስልቻ ከእጇ ቀማችና ጠቅልላ ብብቷ ሥር አስገባችው። ከእሷ ቀጥሎ አንዷ ራሷ ጠቀለለች። ከዚያ ሌላዋ።

ወልደአረጋይ መሬት መሬቱን እያየ፣ «አስቀድሞ የወጣ አለ» አለ።

«ምን?» አለች አፊፋ።

«ከጎተራው። ሳይታደል በፊት ወደ ቤት የሄደ አለ።»

ወደ ማንም አልጠቆመም። ሰዉም ወደ ማንም አላየም፤ እያንዳንዱ ግን ያውቅ ነበር። ሊቀመንበሩ የካኪ ኮቱን ቁልፍ ቆለፈ፣ ፈታ፣ እንደገና ቆለፈ።

«ዛሬ አይታደልም» አለ በመጨረሻ። «እሷ ግን ነገሩ እስኪጣራ ትታሠር።»

ሌላ የሚዘጋ ክፍል ስላልነበረ ያሠሯት እዚያው ጎተራ ውስጥ ነበር፤ ዘይኑን ወልደአረጋይ ቤቱ ወሰደው። ሴቶቹ ባዶ ስልቻቸውን ይዘው ሲበተኑ አንዷ በበሩ ስንጥቅ፣ «ነቀዙ ይሻለን ነበር» አለቻት። አፊፋ አልከፋትም፤ እውነቷን ነው።

ጎተራው ወለል ላይ የተርከፈከፈው አመድ እግሯ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ይነሣል። ወለተ ጊዮርጊስ ለመጠጥ በገንቦ ውሃ ስታቀብላት አፊፋ ጥቂት ቀመሰችና የቀረውን ወለሉ ላይ አርከፈከፈችው። ነጠላዋን አርጥባ አፍና አፍንጫዋን አሰረች። ከዚያ መጥረግ ጀመረች። ማዕዘን ለማዕዘን፣ የግድግዳውን ስንጥቅ በጭራሮ እየጫረች፣ የወደቀውን ፍሬ ከጭቃው እየለየች ጠረገች። ጠባቂው በስንጥቁ አይቶ፣ «እስረኛ ቤት ሲጠርግ ገና አሁን አየሁ» አለ።

«ውሃ ጨምርልኝ» አለችው።

ባሏን ትሰድባለች፤ ያንን የስምሪት ኃላፊ ትሰድባለች፤ ሊቀመንበሩን ትሰድባለች፤ ዝናቡንም ልትሰድብ ስትል «አስተግፊሩላህ» ብላ ትተወዋለች። በየስድቡ መካከል ትጠርጋለች። አባቷ ከድንጋይ ሥር በርበሬ ሲለቅም የሳቁበት መንገደኞች ትዝ አሏት፤ እነሱንም ሰደበቻቸው።

በእስር ላይ ጥቂት ቀን ካለፋት በኋላ አንድ ማለዳ ከበሩ ውጭ ሰው ቆመ። ጠባቂው ሲሸሽ ሰማች።

«ባልሽን መጀመሪያ ምን ነበር ያመመው?» አለ የሊቀመንበሩ ድምፅ።

አፊፋ መጥረጊያውን አቆመች። «ሆዱን ቆረጠው። ሰገራ ከለከለው። ማነው የበላው?»

ሰውየው ወደ በሩ ተጠጋ።

«ትንሿ ልጄ። በሶ ነው። በሶ ትወዳለች።»

አፊፋ ግንባሯን በሩ ላይ አስደገፈች። ልትለው የምትችለው ብዙ ነበር፤ ሁሉም አፏ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር። «የቀረውን በሶ ዛሬውኑ ከቤትህ አውጣ» አለች። «ለውሻም አትስጥ። ልጅቷን ደብረ ብርሃን ድሬሰሩ ገብረ ጻድቅ ዘንድ ውሰዳት። እርሳስ ነው በለው፤ እንዳትዋሸው። እሱ ወደ ትልቁ ሐኪም ቤት ይልካታል። ቶሎ ከተደረሰላት ትድናለች፣ ኢንሻአላህ። አሁን ቆመህ የምታወራኝ ምን ልትሆን ነው?»

ቁልፉ ሲከፈት ሰማች። በሩን ስትገፋው ሰውየው ወደ ቤቱ እየሮጠ ነበር።

ገብሱ አልተበላም። ሰኔ ላይ ጠብ ባለው ዝናብ ለመኸር ተዘራ፤ ሲዘሩም አፊፋ ባዘዘችው ሁሉም አፍንጫቸውን አስረው ነበር። ያን ክረምት መንደሩ ሳማና ጎመን በላ። አፊፋ አልዩ አምባ ካሉ ዘመዶቿ ለምና ማሽላ አስጫነች፤ ለሁሉ አልተዳረሰም። ታዲያ ምን እንብላ ያለቻት አሮጊት ነሐሴን አላየችም። ወልደአረጋይ ይህን ሲነግራት አፊፋ ወጥታ ጓሮ ገባች፤ ቀኑን ሙሉ የባትሪ ቀፎ ስትሰብር ዋለች። የሊቀመንበሩ ልጅ ተረፈች፤ ከአባቷ ግን አንድም ቃል አልመጣም፤ አፊፋም አልጠበቀችም።

ከጎተራው በወጣችበት ዕለት ግን ባዶ እጇን አልተመለሰችም። የጠረገችው ሁሉ፣ አመዱ፣ ጥራጊው፣ ወልደአረጋይ ቤት የቀረው የዋናው ስልቻ ትራፊ ሳይቀር፣ በእርጥብ ጆንያ ታስሮ ጭነት መኪናው ላይ ተጫነ።

«እህል ከጠፋበት አገር አመድ ጭኖ የሚወጣ ሰው» አለ ሹፌሩ ራሱን እየነቀነቀ። «አመድስ ከተማ የለም?»

«የእኔ ነው» አለች አፊፋ። «ፈሶብኝ ነው።» ጆንያው ላይ ሰው እንዳይቀመጥበት ከፊቱ ቆማ ሄደች።

ቤት ሲደርሱ ዘይኑ ከኋላዋ እየተከተለ ጓሮ ገባ። ጆንያዎቹን አንድ በአንድ ወደ በርሜሉ ጨመረች። ክዳኑን ደፋችበት፤ ግን ጠርዙ ጎብጦ ስለ ነበር በአንድ በኩል ስትመታው በሌላው ይነሣባታል። መታች፤ ተነሣ። መታች፤ ተነሣ። መዶሻውን ልትወረውረው ቃጣት።

ዘይኑ ቀርቦ ጎንበስ አለና ሁለት ክርኖቹን ክዳኑ ላይ አስደግፎ በደረቱ ተጫነው። እጆቹ ከበርሜሉ ጠርዝ ወደ ታች ተንጠለጠሉ።

«አሁን አንኮበር ምን ብለው ይጠሩኝ ይሆን?» አለ ፊቱ ክዳኑ ላይ እንዳለ።

አፊፋ ቁጣዋ አልበረደም፤ እስከ ዕድሜዋ ፍጻሜም ጨርሶ አልበረደም። «ዝም ብለህ ተጫን» አለችውና፣ ክርኑን እንዳታገኘው እያነጣጠረች ክዳኑን መታችው።